ሳንባን ማን ይነፋዋል? ለቀድሞ ተማሪዎቼ ያለብኝ ዕዳ

ዛሬ ረዘም አድርጌ ነው የምጽፈው፣ ታገሱኝ። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ያስተማርኳችሁ ልጆች እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ዕዳ አለብኝ።

ያኔ ሰሌዳ ላይ ፊኛ ሥዬ "አየር ሲገባ ሳንባ ይነፋል፣ ደረትም ይሰፋል" ብያችሁ ነበር። አንድ ልጅ እጁን አወጣና "መምህር፣ ፊኛን እኮ ሰው ነው የሚነፋው፤ ሳንባን ማን ይነፋዋል?" አለኝ። "እንመለስበታለን" ብዬ አለፍኩት። አልተመለስንበትም።

መልሱን ያየሁት ከዓመታት በኋላ እዚሁ ሳንጃ በገበያ ቀን፣ አንድ አዛውንት ማረሻ ሲያበጁ ቆሜ ሳይ ነው። ወናፉ የፍየል ቆዳ ነው። የቆዳውን አፍ ከፍተው ወደ ላይ ይስቡታል፣ ከዚያ አፉን ገጥመው ወደ ታች ይጫኑታል፤ ከሰሉ ቦግ ይላል። ልብ በሉ! ሲስቡት አየር የጨመረበት ሰው የለም። ቆዳው ስለሰፋ አየሩ ራሱ ገባ። እኔ ግን ተገልብጦ ነበር ያስተማርኳችሁ፦ ደረት የሚሰፋው አየር ስለገባ ሳይሆን፣ አየር የሚገባው ደረት ስለሰፋ ነው።

ይህን ለማወቅ የሰው ልጅም ብዙ ደክሟል። ደረትን ጡንቻ እንደሚያንቀሳቅሰው ከጥንት ጀምሮ ይታወቅ ነበር። አየሩ ለምን ይከተላል ሲባል ግን መልሱ "ተፈጥሮ ባዶ ቦታ አትወድም" ነበር። እኛ ዘንድ አፄ ፋሲል ጎንደር ላይ በነገሡበት ዘመን፣ በ1644 እ.ኤ.አ. ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ የምንኖረው በአየር ባሕር ወለል ላይ ነው፣ አየርም ክብደት አለው ብሎ ለወዳጁ ጻፈ። በ1648 የፓስካል አማች ፔሪዬ የሜርኩሪ ቱቦ ይዞ ፈረንሳይ ውስጥ ፑይ ደ ዶም የሚባል ተራራ ወጣ፤ ከላይ ሲደርስ ሜርኩሪው ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወርዶ ተገኘ። አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በነገሡ በዓመቱ፣ በ1668፣ እንግሊዛዊው ጆን ማዮው ስለ አተነፋፈስ መጽሐፍ አሳተመ። ሳንባን ለማስረዳት የመረጠው ምሳሌ ምን መሰላችሁ? ወናፍ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲያፍራም ወደ ታች ይወርዳል፣ ጎድን ወደ ላይና ወደ ውጭ ይከፈታል፣ በደረት ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሳንባም አብሮ ይለጠጣል። በውስጡ ያለው ግፊት በትንሹ ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ላይ የውጩ ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ ዝም ብለን ስንተነፍስ የሚቀንሰው 1 ያህል ብቻ ነው። ለዚያች 1 ሲል ግማሽ ሊትር አየር ይገባል። ለማስወጣትማ ድካም የለውም፣ የተለጠጠው ሳንባ ራሱ ይሰበሰባል።

ደረቱን የተወጋ ሰው ሳንባው ሳይነካ እንኳ ለምን ትንፋሽ እንደሚያጥረው አሁን ይገባችኋል። ወናፉ ተቀዷል። አየሩ በቁስሉ በኩል በሳንባውና በደረቱ ግድግዳ መካከል ይገባል፣ ሳንባውም ይሟሽሻል። እንዲህ ያለውን ሰው "ቁስሉ ትንሽ ናት" ብላችሁ ቤት አታሳድሩት፣ ወደ ሐኪም ሩጡ።

እኛ የቆላ ሰዎች ደባርቅ ስንወጣ የምናለከልከውም የአየሩ ባሕር እዚያ ስለሚሳሳ ነው። የስሜን ተራሮች ሰዎች ግን ለምደውታል። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ፣ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር ልጨምር። ማዮው ወናፍን አይቶ ሳንባን አስረዳበት። እኛ ግን ወናፍ የያዘውን ሰው "ቡዳ" ብለን ሸሸነው። የወለቃን ቤተ እስራኤል ባለሙያዎች ማረሻቸውን እየገዛን፣ በማረሻቸው ያመረትነውን እየበላን፣ ዓይናቸውን ፈራን። አብዛኞቹ ዛሬ እስራኤል ናቸው። እኔም ስንት ዓመት በዚያ ገበያ ሳልፍ ቀና ብዬ አላየሁም። አይቼ ቢሆን ኖሮ ለዚያ ልጅ ያን ዕለት እመልስለት ነበር።

ስማኝ ልጄ፣ የት እንዳለህ አላውቅም። ሳንባን የሚነፋው የለም። አንተ በሩን ትከፍታለህ፣ ያ ከላይህ ያለው የአየር ባሕር ይገባል። ይቅርታ፣ ዘገየሁ።

የምታውቁት ካላችሁ አድርሱልኝ። ቸር ሰንብቱ።