የሞተር ቢስክሌት መሪ ማረጋጊያ ታሪክና የራያ ቆላ መንገድ

የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ትንንሽ ዕቃዎች የጻፉት ግን ጥቂት ነው። ሆኖም የአንድ ትንሽ ዕቃ ታሪክ በደንብ ሲመረመር የመንገድን፣ የእጅ ሥራንና የሰውን ደኅንነት ታሪክ አብሮ ያሳያል። በዚህ የትምህርት ቤታችን መታሰቢያ መጽሔት የምንጽፍለት ዕቃ የሞተር ቢስክሌት መሪ በድንገት እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘው መሣሪያ ነው፤ የመሪ አሞርዛተር ብንለው አንባቢ በቀላሉ ይረዳዋል። ከጎብዬ ወጥቶ በጠጠርና በአሸዋ ላይ የሚነዳ ሰው የትኛውን ዓይነት ይምረጥ? ወይስ ጨርሶ አያስፈልገውም? ይህን ለመመለስ ከታሪኩ መነሣት ይገባል።

በመጀመሪያ መሪ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ እንመልከት። የሞተር ቢስክሌት ፊተኛ ጎማ መሬት የሚነካው፣ የመሪው ዘንግ እስከ መሬት ቢዘረጋ ከሚያርፍበት ነጥብ ጥቂት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ጎማው እንደሚጎተት ነገር ራሱን እያቃና ይከተላል። ድንጋይ ገጭቶት ወደ ግራ ቢዘም ወደ መካከል ይመለሳል፤ ነገር ግን ሲመለስ መካከሉን አልፎ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ከዚያም እንደገና ወደ ግራ። ይህ መወዛወዝ በራሱ ካልከሰመ በሰከንድ ከ4 እስከ 10 ጊዜ ያህል እየተመላለሰ መሪውን ከነጂው እጅ ሊነጥቅ ይችላል። የመሪ አሞርዛተር ሥራ የዚህን መወዛወዝ ኀይል መዋጥ ነው።

ዳይምለርና ማይባህ የተባሉት ጀርመናውያን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1885 በነዳጅ የሚሄደውን የእንጨት ሞተር ቢስክሌታቸውን ሲሠሩ ዋናው ጭንቀታቸው እንዳይወድቅ ነበርና በግራና በቀኙ ሁለት ትንንሽ መንኰራኵሮች ጨመሩለት። እየቆየ የሞተር ጉልበት በረታ፣ ፍጥነትም ጨመረ። ከ1920ዎቹ ጀምሮ በትልልቅ ሞተር ቢስክሌቶች ላይ በፍትጊያ የሚሠራ ማረጋጊያ የተለመደ ሆነ። ይኸውም በመሪው አንገት ላይ የተደራረቡ ዝርግ ክብ ዲስኮች ነበሩ፤ ነጂው በመሪው መካከል ያለውን ማጥበቂያ በእጁ ሲያዞር ዲስኮቹ እርስ በርሳቸው ይጠባበቁና መሪው ይከብዳል።

ይህ መሣሪያ ቀላልና ርካሽ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረው። ፍትጊያ ቀስ ብሎ የሚዞረውንና በድንገት የሚመታውን አይለይም፤ ሁለቱንም በተቀራራቢ ኀይል ይከለክላል። ስለዚህ ነጂው በሰፊ መንገድ ላይ ማጥበቅ፣ በጠባብ መታጠፊያ ላይ ማላላት ነበረበት።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የኢጣልያ ጦር ከማይጨው ውጊያ (መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ. ም.) በኋላ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ገባ። ይህ ጦር እንደ ሞቶ ጉዚ ያሉ ሞተር ቢስክሌቶችን የሚጠቀም ጦር ነበር። በወረራው ዘመን ከአሥመራ በመቀሌ፣ በማይጨው፣ በቆቦና በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈው የመኪና መንገድ ተሠራ። ከነፃነት በኋላ በ1943 ዓ. ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም የአገሪቱን መንገዶች የመጠገንና የማስፋፋት ሥራ ለዚያ መሥሪያ ቤት ተሰጠ። ከወልድያ ተነሥቶ ጎብዬን፣ ሮቢትንና ቆቦን አቋርጦ ወደ አላማጣ የሚሄደው ይኸው መንገድ ዛሬ አስፋልት ነው።

ይሁን እንጂ አስፋልቱ ጀርባ አጥንት እንጂ መላው አካል አይደለም። ከእርሱ ወጣ ብሎ ወደ ምሥራቅ ወደ ዞብል ተራሮች፣ ወይም ወደ ምዕራብ ወደ ደጋው እግር የሚሄድ ሰው የሚያገኘው ሌላ ዓለም ነው። ሆርማት፣ ጎሊናና አላ ውሃ ከምዕራቡ ተራራ ሲወርዱ ድንጋይና አሸዋ ይዘው ሜዳው ላይ ይዘረግፋሉ። ክረምት ያመጣው ጎርፍ ሲያልፍ የቀረው አሸዋ ፊተኛውን ጎማ ይውጣል፤ ድሙልሙሉ ድንጋይ ደግሞ ወደ ጎን ይመታዋል። የራያ ነጂ እንግዲህ በአንድ ቀን አስፋልትም፣ ጠጠርም፣ አሸዋም ያጋጥመዋል። አንዴ ጠብቆ የሚቀር የፍትጊያ መሣሪያ ለዚህ አይበጅም።

መፍትሔው የመጣው ከዘይት ነው። እጅን በጎሊና ውሃ ውስጥ ቀስ አድርጎ ቢያሳልፉት ውሃው እምብዛም አይከለክልም፤ በኀይል ቢመቱት ግን ይገታል። የዘይት አሞርዛተርም እንዲሁ ነው፤ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ እንዲያልፍ ስለሚገደድ ለዝግተኛው መዞር ይለቃል፣ ለድንገተኛው ምት ግን ይጠነክራል። የጀርመኑ ቢኤምደብልዩ ከ1960 ጀምሮ አር 69 ኤስ በተባለው ሞተሩ ላይ የዘይት ማረጋጊያ አደረገ። በ1967 በሜክሲኮ የባሃ፣ በ1978 መጨረሻ ደግሞ የፓሪስ ዳካር የበረሃ ውድድሮች ሲጀመሩ ሞተር ቢስክሌት በአሸዋና በድንጋይ ላይ ረጅም መንገድ በፍጥነት መሮጥ ግድ ሆነበት። ኋላም ስኮትስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የሚሸጠው፣ የስዊድኑ ኦሊንስ የሚሠራው፣ በመሪው አንገት ላይ የሚቀመጥ ተሽከርካሪ ዓይነት በአገር አቋራጭ ነጂዎች ዘንድ ታወቀ። ሆንዳም የ2008 ሲአርኤፍ 450 አር ሞተሩን ከነማረጋጊያው ከፋብሪካ አወጣ።

እንግዲህ ምርጫው እንዴት ይሁን? የዘይት ማረጋጊያ በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው እንደ ቀጭን ቱቦ ቀጥ ያለና ከሞተሩ አካል ጋር በጎን የሚታሰር ነው፤ ዋጋው ይቀላል፣ ነገር ግን ሞተሩ ሲወድቅ በቀላሉ ይጣመማል፣ አንዳንዴም የመሪውን ሙሉ መታጠፍ ያጠባል። ሁለተኛው ተሽከርካሪው ሲሆን ከመሪው ጋር ስለሚቀመጥ ከድንጋይ የተሻለ ይጠበቃል፤ በጉዞ መካከልም በጣት ይስተካከላል። ከእነዚህም መሪውን ከመካከል ሲወጣ የሚይዝ፣ ወደ መካከል ሲመለስ ግን በነፃ የሚለቅ አለ፤ ለአሸዋና ለድንጋይ ይህ ተመራጭ ነው። በቆቦ ሜዳ ሙቀት ዘይት እንደሚቀጥን፣ አቧራም የዘይት መያዣውን ጎማ እንደሚበላ አስቦ መለዋወጫ የሚገኝለትን መግዛት ብልኀት ነው። ሲያስተካክሉም ከላላው ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ማጥበቅ ይገባል፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ማረጋጊያ ሞተሩ በሙሉ አካሉ እንዲዋዥቅ ሊያደርግ ይችላልና።

ከሁሉ በፊት ግን ወላጆችና ወንድሞች ልብ እንዲሉት የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። የመሪ አሞርዛተር ለተበላሸ ሞተር መድኀኒት አይደለም። የመሪው አንገት ኩሽኔታ አልቆ፣ የጎማው ነፋስ ጎድሎ፣ ወይም የፊተኛው ጎማ ሽቦ ላልቶ መሪ ሲንቀጠቀጥ ማረጋጊያ መግጠም ሕመሙን መሸፈን ብቻ ነው። ደግሞም በኋላ ወንበር ላይ የማሽላ ጆንያ ከፍ አድርጎ መጫን ፊተኛውን ጎማ ከመሬት ያቀለዋል፤ መንቀጥቀጡም በዚያው ይብሳል። በየገጠሩ ለሥራ የሚያገለግሉት የ100 ወይም የ125 ሲሲ ሞተሮች በዝግታ ከተነዱ፣ ኩሽኔታቸው ከተጠበቀና ጭነታቸው ከተመጠነ አብዛኛውን ጊዜ ማረጋጊያ ሳይኖራቸው ደኅና ይሄዳሉ። የመግዣው ገንዘብ መጀመሪያ ለኩሽኔታና ለደኅና ጎማ፣ ለነጂውም ራስ መከላከያ ቆብ ቢውል ይሻላል። የማረጋጊያው ተራ የሚመጣው ከባድ ሞተር ይዞ በጠጠርና በአሸዋ ላይ ረጅም መንገድ ለሚፈጥን ሰው ነው።

የዚህ ትንሽ ዕቃ ታሪክ በአጭሩ ሲታይ ከማጥበቅ ወደ መመጠን የተደረገ ጉዞ ነው። በፊዚክስ ክፍል ስለ ፍትጊያና ስለ ፈሳሽ የምንማረው ትምህርት በሆርማት አሸዋ ላይ የሰው ክንድ ከመሰበር የሚያድን ከሆነ፣ ትምህርቱ ከጥቁር ሰሌዳው ወርዶ በመንገዳችን ላይ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው።