ከመፈረምዎ በፊት፡ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የኪራይን መጠን ለተዋዋዮቹ ስምምነት ትቶት ነበር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ግን ጣልቃ ገብቷል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀናት ውስጥ ይመዘገባል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የሚጠብቅዎ ግን ወረቀቱ እውነቱን ከያዘ ነው። 20 ሺሕ ብር እየተቀበለ ለግብሩ ሲል ውሉ ላይ 12 ሺሕ ይጻፍ የሚል አከራይ አይጠፋም። ተከራዩም “የእሱ ግብር ምን አገባኝ?” ብሎ ይፈርማል። ያገባዋል እንጂ! የጭማሪ ገደቡ የሚሠራው በተጻፈው ላይ ነው፤ ያልተጻፈው 8 ሺሕ ነገ 12 ሺሕ ቢባል ምን ይዞ ይከራከራል? ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን አዋጁ ማዘዙም ለዚህ ይጠቅማል፤ ደረሰኝዎን አይጣሉ። በእኔ እምነት አዋጁ የጠቀመው ቤት ውስጥ ያለውን ተከራይ ነው፤ ቤት ፈላጊው ዛሬም በደላላ እጅ ነው።

ርካሽ ነው ተብሎ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚሄድ ሰው ደግሞ ታክሲውን ኪራዩ ላይ ይደምር። በሥራ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከቤቱ ደጃፍ ተነስተው ቢሮዎ ድረስ ይሞክሩት። የውኃውን ፈረቃ ደላላውን ሳይሆን የግቢውን ጥበቃ ይጠይቁ፤ በተለይ ቤቱ ኮንዶሚኒየም፣ ያውም አራተኛ ፎቅ ከሆነ።