ዝናብ ሲዘንብ የሚዘጋ ጉድጓድ

የዛሬው ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማል። የታሪክ አስተማሪ ነገር ሆኖብኝ ነው፣ ታገሡኝ።

ከሐሮማያ ልጀምር። ዕድሜያችሁ ከሠላሳ ያለፈ የሐረርጌ ልጆች ሐይቁን ታስታውሱታላችሁ፤ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስንወጣ ከመንገዱ ዳር ተንጣሎ ይታይ ነበር። ሐረር ከተማ ለአርባ ዓመት ገደማ የጠጣችው ከዚያ ነው። በዳሩ ድንችና ሽንኩርት ይለማበታል፤ ጫቱም በእሱ እየጠጣ በአወዳይ ገበያ በኩል ጅቡቲና ሶማሊያ ድረስ ይሄዳል። ፓምፕ የገዛ ሁሉ ቱቦውን ሐይቁ ውስጥ ይጥላል። ዙሪያውን ያሉት ተራሮች ዛፋቸውን ስላጡ ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩ እየታጠበ ይገባበታል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ።

ሁሌ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ከሐይቁ አጠገብ ያለው የአገሪቱ አንጋፋ የእርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ውኃው እየሸሸ መሆኑ ተጠንቷል፣ ተጽፏል። ገበሬውም ቱቦውን በየጊዜው ወደ ውስጥ ሲያስረዝም በዓይኑ ያየዋል። ስለዚህ የጎደለው እውቀት አልነበረም። የጎደለው «አንተ ዛሬ አትቅዳ፣ ተራህ ከነገ ወዲያ ነው» ሲል የሚሰማ ሰው ነው። ከተሜው ጫቱን ይከሳል፣ ገበሬው ከተማውን ይከሳል። ገበሬውን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይመስለኝም፤ ልጆቹን የሚያሳድገው በጫቱ ነው፣ እሱ ቢተው ጎረቤቱ እንደማይተው ደግሞ ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሐረር ሰዎች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ደረቅ ቧንቧ፣ በአህያ የሚመጣ ጀሪካን። በመጨረሻ ከድሬዳዋ አካባቢ ቆላ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውኃው በፓምፕ ሽቅብ እንዲወጣ ተደረገ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 ገደማ ላይ። መብራት ሲሄድ ፓምፑም ይቆማል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሐይቁ እንደገና ውኃ መያዝ ጀምሯል፣ እሰየው ነው። እዚያ ያላችሁ ዘመዶች እስቲ ንገሩን፤ ፓምፖቹስ ተመልሰዋል?

አሁን ከሐሮማያ ወደ ቦረና እንሻገር። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ብዙ መቶ ዓመታት ያስቆጠሩ ናቸው። ወጣቶች ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ይቆሙና ባልዲውን እጅ በእጅ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ውኃውን ያወጣሉ። ፈረንጆች «የሚዘፍኑ ጉድጓዶች» ብለው ፎቶ ያነሷቸዋል። ዘፈኑ ደስ ይላል፣ እኔን የሚገርመኝ ግን ሕጉ ነው። እያንዳንዱ ጉድጓድ አባ ሄሬጋ አለው፤ የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ ተራውን የሚያስከብር እሱ ነው። በበጋ ከብቱ በየሦስት ቀኑ አንዴ ይጠጣል። ጉድጓድ ለመቆፈር ወይም ለመጠገን ጎሳው ጉባኤ ተቀምጦ ይመክራል፣ ለሥራውም ከብት ያዋጣል።

ደጋግሜ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ግን ይህን ነው፦ ዝናብ ሲዘንብ ጉድጓዱ ይዘጋል። ኩሬው ሞልቶ ሳለ ከቱላው መቅዳት አይቻልም፤ ከብቱ ከኩሬ ይጠጣል፣ ጉድጓዱ ያርፋል። እኛ ብንሆን ዝናብ ሲመጣ ስለ ውኃ ማውራትም እናቆማለን።

ቦረናም ቢሆን ሁሉን አላመለጠም። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ሲከዳ ከብቱ አለቀ። ሣር ከሌለ የጉድጓድ ውኃ ብቻውን ከብት አያኖርም።

ወደ እኛው ሰፈር ልመለስ። ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲከፈት ለጊዜው ተብሎ ነው። ይኸው ሠላሳ ዓመት አለፈው፣ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ የወለደ ሰው አለ። የምንጠጣው ከጥልቅ ጉድጓድ ነው። የታራች ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ይከርምና አንድ ቀን ደራሽ ሆኖ መጥቶ ቤት ይዞ ይሄዳል። በ2013 በዚሁ በቱርካና፣ በሎቲኪፒ ሜዳ ሥር፣ ግዙፍ የከርሰ ምድር ውኃ ተገኘ ተብሎ ዓለም ሁሉ አወራ። ኬንያን ለብዙ አሥርት ዓመታት ያጠጣል ተባለ። በኋላ ተቆፍሮ ሲመረመር ውኃው ለመጠጥ የማይሆን ጨዋማ ሆኖ ተገኘ። አንዳንዶቻችሁ እስከ ዛሬ «ሎቲኪፒ አለ እኮ» ትሉኛላችሁ፤ እባካችሁ ተዉት።

ለትምህርት ቤታችን ክፍሎች አሸንዳ እንግጠምና ሮቶ እናስቀምጥ ስንል የሚመጣብን መልስ አንድ ነው፦ «ኬዜ አልቋል፣ ልሄድ ነው፣ ለማን ብዬ?» ይህን ያሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ ከአሥር ዓመት በላይ ከእኔ ጋር ቦኖ ላይ ተሰልፈዋል። አልፈርድባቸውም፤ ዕቃውን አስሮ የተቀመጠ ሰው ዛፍ አይተክልም። ግን ሒሳቡን እዩልኝ። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1,000 ሊትር ነው፣ ሃምሳ ጀሪካን ማለት ነው። አሁን ያ ሁሉ ግቢያችንን አጭቅይቶ ወደ ታራች ይሄዳል። ሴት ተማሪዎቻችን ደግሞ በማግስቱ ወረፋ ይዘው የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጣቸዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ስብሰባ አለን። የሚወሰነው ሁለት ነገር ነው፤ የሮቶው ቁልፍ በማን እጅ ይሁን፣ የቦኖው ውኃ በሚመጣባቸው ሳምንታትስ ከሮቶው መቅዳት ይከልከል ወይስ ይፈቀድ። እኔ ይከልከል ባይ ነኝ፤ አይሆንም የምትሉ መጥታችሁ ተከራከሩኝ። ቆርቆሮ ሥራ የምትችሉ መዶሻችሁን ይዛችሁ ኑ። የቦረና ልጆች ካላችሁ ደግሞ በተለይ ኑ፤ ተራ ማስከበርን ከእናንተ አፍ ብንሰማው ይሻላል።