«ማስተሩ ቀይ አበራ»፦ በሙዚቃ መቅረጫ ሶፍትዌር የመጨረሻውን የድምፅ መጠን መቆጣጠር

በውስጥ መስመር ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱ መልኩን እየቀያየረ ይመላለሳል። «ዘፈኑ ስቱዲዮ ውስጥ ጥሩ ነበር፤ ዩቲዩብ ላይ ስንጭነው ሻከረብን» የሚል አለ። «የኛ ከሌሎቹ ዘፈኖች ድምፁ ያንሳል፣ ምን እናድርግ?» የሚልም አለ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማይኩም የድምፃዊውም አይደለም፤ ሚክሰሩ ጫፍ ላይ ያለችው «ማስተር» የምትባለው መቆጣጠሪያ አያያዝ ነው። ዛሬ እሷን እንያት።

ኩቤዝ፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ፣ ሎጂክ፣ ሪፐር፣ ፕሮ ቱልስ፣ የፈለጋችሁትን ክፈቱ፤ ክራሩ፣ ቤዙ፣ ከበሮው፣ ድምፃዊው እያንዳንዳቸው የራሳቸው መስመር አላቸው። እነዚህ ሁሉ ተደምረው የሚወጡበት የመጨረሻ መስመር ደግሞ አለ። ኤፍኤልና ሪፐር «ማስተር» ይሉታል፣ ኩቤዝና ሎጂክ ላይ «ስቴሪዮ አውት» የሚለውን ታገኛላችሁ። ወደ ፋይልም ወደ ስፒከርም የሚሄደው በዚህ በኩል ያለፈው ነው።

«ተደምረው» የሚለውን ቃል ያዙልን። አንድም መስመር ለብቻው ቀይ ሳያበራ ድምሩ ቀይ ሊያበራ ይችላል። ሁለት ፍጹም ተመሳሳይ ድምፆች ሲደመሩ 6 ዲሲቤል ይጨምራሉ፤ እያንዳንዳቸው ከዜሮ በታች 6 ላይ ከነበሩ አብረው ሲመጡ ዜሮን ነኩ ማለት ነው። አሁን 20 መስመር ያለውን ቅንብር አስቡት። ከበሮውና ቤዙ እኩል የሚመቱበት ቦታ ላይ ማስተሩ ቢቀላ ምን ይገርማል?

ዜሮ ደግሞ እዚህ ጣሪያ ነው። በካሴት ዘመን መርፌዋ ዜሮን አለፍ ብትል ቴፑ ድምፁን ለስለስ አድርጎ ይጨምቀው ነበር፤ እንዲያውም የሚወዱት ነበሩ። ዲጂታል እንዲህ ያለ ይሉኝታ የለውም። በ16 ቢት ፋይል ውስጥ ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 32,767 ነው። ከዚያ በላይ ያለው የሞገዱ አናት በመቀስ እንደተቆረጠ ይቀራል። ባለሙያዎቹ «ክሊፕ አደረገ» የሚሉት ይሄንን ነው።

ግን ምን መሰላችሁ፣ አብዛኞቹ የዛሬ ሶፍትዌሮች በውስጣቸው የሚያሰሉት በ32 ቢት ፍሎት ወይም ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ አንድ መስመር ዜሮን ቢያልፍም ሶፍትዌሩ ውስጥ እስካለ ድረስ አይቆረጥም፤ ማስተሩን ዝቅ ስታደርጉት እንደነበረ ይመለሳል። ጉዳቱ የሚደርሰው በ16 ወይም በ24 ቢት ፋይል ሲወጣ፣ ወይም ወደ ሳውንድ ካርዱ ሲሄድ ነው። የድሮ መሣሪያ የሚያስመስሉ ፕለጊኖች ግን ብዙ ሲላክባቸው ራሳቸው ውስጥ ስለሚያሻክሩ፣ ለነሱ ይሄ ይቅርታ አይሠራም።

ድምፃዊው ሲቀረፅ ገና ከሳውንድ ካርዱ መግቢያ ላይ የተቆረጠ ድምፅም በማስተር አይድንም። ቀንሳችሁ ብትሰሙት ያው ሻካራው ድምፅ ዝቅ ብሎ ይሰማል፣ በቃ። በ24 ቢት ስትቀርፁ ከፍ ብሎ የሚዘፈንበት ቦታ ከዜሮ በታች 10 ዲሲቤል አካባቢ ቢደርስ ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት እንምጣ፤ እኛም ሠርተነዋል። ለአንድ ፕሮግራማችን የመግቢያ ሙዚቃ ስናዘጋጅ ከመሸ በኋላ ጎረቤት እንዳንረብሽ ብለን ማስተሩን ጎተት አድርገን አወረድነው። ጠዋት ሳናስታውስ ኤክስፖርት አደረግን። ፋይሉ ስልክ ላይ ሲከፈት የሚሰማው እንደ ሹክሹክታ ነበር። ማስተር የጆሮ ድምፅ ማስተካከያ አይደለችም፤ የምትነካው ፋይሉን ነው። ለጆሯችሁ የሳውንድ ካርዱን ቁልፍ ወይም ኩቤዝ ላይ «ኮንትሮል ሩም» የሚባለውን ተጠቀሙ። እነሱን ብታወርዱም ፋይሉ አይነካም።

ሊሚተር የምትጠቀሙ ደግሞ ቅደም ተከተሉን እወቁ። በኤፍኤል፣ በሎጂክ፣ በሪፐርና በኤብልተን ማስተር ላይ የምትጭኗቸው ኢፌክቶች በተለመደው አሠራር ከፌደሩ በፊት ናቸው። ሊሚተሩን ከዜሮ በታች 1 ላይ አቁማችሁ ፌደሩን በ2 ዲሲቤል ከፍ ካደረጋችሁት፣ ድምፁ ከጣሪያው በላይ በ1 ዲሲቤል ወጣ፤ ሊሚተሩ ከንቱ ሆነ። ፌደሩን ዜሮ ላይ ተዉት። ፕሮ ቱልስ ላይ ግን ተቃራኒው ነው፦ ማስተር ፌደሩ ከኢፌክቶቹ በፊት ስለሚመጣ፣ ስትነኩት ወደ ሊሚተሩ የሚገባው ድምፅ ይቀየራል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው እዚህ ጋ ሳይሸወድ አይቀርም።

ሚክሱ በጣም ከበዛ ሁሉንም መስመሮች አንድ ላይ መርጦ ማውረድ ይቻላል። ፌደራቸው በኦቶሜሽን የሚንቀሳቀስ ካሉ ግን ማጫወት ስትጀምሩ ተመልሰው ይወጣሉ፣ ሚዛኑም ይናጋል። ለእኛ የሚቀለን ማስተሩ ላይ ከሁሉም ኢፌክት በፊት ድምፅ መቀነሻ ፕለጊን መጫን ነው።

«የኛ ያንሳል» ለሚሉትስ? ሊሚተሩን እስከ ጥግ መጨፍለቅ የሚያዋጣው ባነሰ ቦታ ነው። ስፖቲፋይና ዩቲዩብ በአማካይ ጩኸት ከዜሮ በታች 14 ሉፍስ አካባቢን፣ አፕል ሙዚቃ ደግሞ 16ን መነሻ ያደርጋሉ። ከዜሮ በታች 7 ሉፍስ ላይ ያወጣችሁትን ዘፈን ዩቲዩብ በ7 ዲሲቤል ገደማ ዝቅ ያደርገዋል፤ ለእናንተ የሚተርፈው የተጨፈለቀው ከበሮ ነው። ዝቅ ብሎ የመጣውን ደግሞ ዩቲዩብ ከፍ አያደርግም፤ ስለዚህ ማነስም ያስቀጣል። 14 ግን ሕግ አይደለም፣ ከዚያ በላይ ጮኸው የሚወጡ ዘፈኖች ሞልተዋል። የራሳችሁን ለማየት በኮምፒውተር ቪዲዮው ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ክፈቱ። የድምፁ መስመር ላይ በዲሲቤል የሚታየው ቁጥር ከዜሮ በላይ ከሆነ፣ ዩቲዩብ ያንን ያህል ቀንሶባችኋል።

ጣሪያችሁን ከዜሮ በታች 1 ዲሲቤል ላይ አቁሙ። ፋይሉ ወደ ኤምፒ3 ወይም ወደ ሌላ የተጨመቀ ዓይነት ሲቀየር የሞገዱ አናት ትንሽ ከፍ ስለሚል ክፍተቷ ታስፈልጋለች። ማስተሪንግ የሚሠራላችሁ ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ሊሚተሩን አንሱት፣ ከፍተኛው ቦታ ከዜሮ በታች ከ3 እስከ 6 ዲሲቤል መሀል ይሁን፣ የምትልኩትም 24 ቢት ዌቭ ፋይል ይሁን። በቴሌግራም ስትልኩትም እንደ ፋይል እንጂ እንደ ድምፅ መልእክት አይሁን።