የናስ መሣሪያ፦ ከግምጃ ቤት ወደ ግለሰብ እጅ

ከዐድዋ ድል በኋላ የሩስያው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ 2ኛ ለዐፄ ምኒልክ ከላኳቸው ስጦታዎች መካከል የናስ የትንፋሽ መሣሪያዎች ይገኙበት ነበር። የምድር ባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. በመሆኑ፣ እነዚያ ዕቃዎች ከባሕር ጠረፍ ወደ መናገሻው ከተማ የወጡት በበቅሎና በግመል ጀርባ ነው። ግድግዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቧንቧ ያን መንገድ እንዴት እንደቻለው የሞያ ባልደረቦቼ ይገምቱት።

ሁለተኛው ምዕራፍ የተከፈተው በ1916 ዓ.ም. ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ ያዩዋቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ከአሠልጣኛቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። ናልባንዲያን ዜማውን፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የደረሱለት ብሔራዊ መዝሙርም በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በተደረገው የዘውድ በዓል ተሰማ።

ከዚያ ወዲህ በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስ ሠራዊት፣ በማዘጋጃ ቤት፣ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም፣ ትራምፔትና ትሮምቦን በአመዛኙ የመሥሪያ ቤት ንብረት ነበሩ። ይህ ነገር እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ጀማሪው መሣሪያውን ከግምጃ ቤት በፊርማ ይረከባል፤ ቢበላሽ የሚጠይቀው አለቃ፣ ስሕተቱን የሚያርም አሠልጣኝ አጠገቡ አለ። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ለዓመታት የዘለቀው የሰዓት እላፊ የሌሊቱን የሙዚቃ ገበያ አዳከመው፤ ቀጥሎም አንድ ኪቦርድ የብዙ ነፋሾችን ቦታ ያዘ። ስለዚህ ዛሬ በግሉ ትራምፔት ለመማር የሚነሣ ልጅ፣ ቀድሞ የግምጃ ቤቱ የነበረው ሸክም በወላጆቹ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

በምኖርበት በፉሪ አንዲት ጎረቤቴ የዕቁብ ድርሻቸውን አውጥተው ለልጃቸው ያገለገለ ትራምፔት ሊገዙ ሲነሡ እኔን አማከሩኝ። (መሐንዲስ ሁሉን ይጠግናል ብሎ የሚያምን ጎረቤት የሌለው ባልደረባ ካለ ዕድለኛ ነው።) ሻጩ መሣሪያውን እንደ መስተዋት ወልውሎት ነበር። ነገር ግን የናስ መሣሪያ የሚመረመረው በውስጡ ነው። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ሲሆን፣ በትንፋሽ እርጥበት ዚንኩ እየታጠበ ሲወጣ ቀላ ያለ ነቁጥ ይተዋል፤ በዚያ ቦታ የቀረው ብረት ስፖንጅ መሰልና ደካማ ነው። ከከንፈር መግጠሚያው ቀጥሎ ባለው ቧንቧ ላይ ሁለት እንዲህ ያሉ ነቁጦች አገኘሁ፤ ዋጋውም በዚሁ ምክንያት ቀነሰ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሦስቱ ቫልቮች ነገር ነው። በፒስቶኑና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚቆጠር ነው። ቫልቩን ሳይጫኑ የቧንቧውን ተንሸራታች ስቦ፣ ጥቂት ቆይቶ ቫልቩን ሲጫኑ «ጧ» የሚል ድምፅ ከተሰማ አየር አይሾልክም ማለት ነው። የማይሰማ ከሆነ ግን ጀማሪው የፈለገውን ያህል ቢነፋ ድምፁ ይሰበርበታል፤ የሚያሳዝነውም ጉድለቱን በገዛ ከንፈሩ አመካኝቶ ትምህርቱን መተዉ ነው። በዚህኛው ሦስቱም «ጧ» አሉ።

የተጣበቀውን ተንሸራታች በሰፈራችን ያለ ቶርኖ ቤት በፒንሳ ሊያወጣው ቢፈልግም ከለከልኩት፤ ዘይትና መጠነኛ ሙቀት እያፈራረቅን በሦስተኛው ቀን ተላቀቀ። ፒስቶኖቹን በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ከቶ አይፈቀድም፤ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ታጥበው በቀጭን ዘይት ብቻ ተመለሱ። ልጁ አሁን ስኬሉን ያለ ድካም ይወጣዋል። ነቁጡ ያለበት ቧንቧ ግን አንድ ቀን መቀየሩ ስለማይቀር ይህንኑ ለእናቱ ነግሬያቸዋለሁ፤ እሳቸውም ዕቁቡን እንደገና ጀምረዋል።