በጋራ ወርክሾፕ ውስጥ ከአደገኛ መሣሪያዎች ጉዳት መጠበቅ

በአጭሩ
• ሌላ ሰው የተጠቀመበትን ማሽን ከመንካትዎ በፊት ሶኬቱን ይንቀሉ፤ መከላከያ ሽፋኑንና ስለቱን ይመልከቱ።
• መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ወዲያውኑ ያጥፉ።
• መጋዝና መሰርሰሪያ ላይ ጓንት አያድርጉ፤ ግራይንደርና ብየዳ ላይ ያለ ዓይን መከላከያ አይሥሩ።
• ደም ሲፈስ ተጭነው ይያዙ። ቃጠሎን ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ውኃ ያቀዝቅዙ። ዓይን የገባ ብረት አይነካም።

የጋራ ወርክሾፕ ሲባል

ብዙ ሰዎች አንድ ማሽንና አንድ የኤሌክትሪክ መስመር የሚጋሩበት የሥራ ቦታ ማለት ነው። በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በማኅበር የተደራጁ ሰዎች የሚሠሩባቸው ሼዶች፣ በግቢ ውስጥ የተከፈቱ የብየዳና የእንጨት ሥራ ቤቶች አሉ። ከባለሙያዎቹ ሌላ የቤቱን ወንበር ሊጠግን የገባ ጎረቤት ወይም ሙያ ሊለምድ የመጣ ወጣት አይጠፋም።

ብቻውን የሚሠራ ሰው የማሽኑን ጠባይ ያውቃል። በጋራ ቦታ ግን ማሽኑን መጨረሻ ላይ የነካው ሌላ ሰው ነው። ሽፋኑ ተፈትቶ፣ ዲስኩ ተሰንጥቆ፣ ማብሪያው እንደበራ ተትቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥንቃቄው ከርክክቡ ይጀምራል፤ የሚረከበው ያያል፣ የሚያስረክበው ጉድለቱን ይናገራል። የተበላሸ ማሽን ሶኬቱ ተነቅሎ «አይነካም» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበታል።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ

መጋዙ እየዞረ መብራት ይጠፋል። ሠራተኛው ማብሪያውን ሳያጠፋ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። ሌላው ማሽኑ ቆሟል ብሎ የተሰነቀረ እንጨት ሊያወጣ ወይም ሰጋቱራውን ሊጠርግ እጁን ያስገባል። በዚህ መሐል መብራት ቢመጣ ማሽኑ ማንም ሳይነካው ይነሣል፤ ጣት ለማጣት ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃል።

መከላከያው ቀላል ነው፦ መብራት በጠፋ ቁጥር እያንዳንዱ ሰው የያዘውን ማሽን ያጥፋ፣ ሶኬቱንም ይንቀል። ስለት ለመቀየር፣ ለማጽዳት ወይም ለማስተካከል ሶኬቱ ተነቅሎ ገመዱ በሚታይ ቦታ ይቀመጥ። አቅም ካለ፣ መብራት ሲመለስ በራሱ የማይነሣ ማብሪያ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ማስገጠም ይቻላል።

ግራይንደር

ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ እስከ 11,000 ዙር ይዞራል። ዲስኩ ቢሰበር ስብርባሪው ፊትና አንገትን ይመታል።

• በዲስኩ ላይ የተጻፈው የዙር መጠን በማሽኑ ላይ ከተጻፈው ማነስ የለበትም።
• ሽፋን ፈትቶ በትንሽ ማሽን ላይ ትልቅ ዲስክ መግጠም እጅግ አደገኛ ነው። ትልቁ ዲስክ የተሠራው ለዝግተኛ ማሽን ነው።
• የወደቀ፣ የተሰነጠቀ፣ የረጠበ ወይም ቀኑ ያለፈበት ዲስክ ይጣል።
• በመቁረጫ ዲስክ ጎን አይሞርዱ፤ ቀጭን ስለሆነ ይሰበራል።
• ማሽኑን ካጠፉ በኋላም ዲስኩ መዞሩን እስኪያቆም አያስቀምጡት።

ተራ መነጽር አይበቃም። ጎኑ የተሸፈነ የሥራ መነጽር፣ ከተቻለም በላዩ ላይ የፊት መከላከያ ያድርጉ። አጠገብ የቆመውም ሰው እንዲሁ ያስፈልገዋል።

ልብስ፣ ጌጥና ጓንት

ሰፊ እጅጌ፣ ሻርፕ፣ ነጠላና የተለቀቀ ፀጉር በሚዞር ማሽን ይጠመጠማሉ። ቀለበትና ሰዓት ይውለቁ፤ ማተብም ወደ ሸሚዝ ውስጥ ይግባ። በመጋዝ፣ በመላጊያ ማሽንና በመሰርሰሪያ ላይ ጓንት መልበስ ሊያሳስት ይችላል፦ ጓንቱ ከተያዘ እጅን ይዞ ይገባል። ጓንት ለብየዳ፣ ላሜራ ለመሸከምና ስለታም ጠርዝ ለመያዝ ይጠቅማል። አጭር እንጨት በእጅ ወደ መጋዝ አይገፋም፤ መግፊያ ዱላ ይጠቀሙ።

ብየዳ፦ ዓይንና ሳንባ

የብየዳ ብርሃን ዓይንን እንደ ፀሐይ ያቃጥላል። ሕመሙ ግን ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ፣ ሌሊት ላይ ይጀምራል፤ ዓይን አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፣ ያለቅሳል፣ ብርሃን ይፈራል። አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ይድናል። ድንች፣ ወተት ወይም የሌላ ሰው ጠብታ አያድርጉ። የማደንዘዣ ጠብታ ሕመሙን ቢያስታግስም ደጋግሞ መጠቀም የዓይንን ብሌን ይጎዳል። ምሳ ይዞ የመጣ ልጅና መንገደኛም በዚህ ብርሃን ስለሚጎዱ የብየዳው ቦታ በመጋረጃ ይከለል።

ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ከሰዓታት በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታትና ሳል ሊያስከትል ይችላል። ብዙ ሰው ጉንፋን፣ ወባ ወይም ምች ይመስለዋል። በ1 ወይም 2 ቀን ይለቃል፤ ለሐኪም ግን ምን ሲበይዱ እንደዋሉ ይንገሩ። ትንፋሽ ካጠረዎ አይጠብቁ። ወተት መጠጣት ሳንባን አያጸዳም፤ የሚጠቅመው ዚንኩን ከሚበየደው ቦታ አስቀድሞ ማንሣት፣ አየር በሚገባበት መሥራትና ለብረት ጭስ የተሠራ ማስክ ማድረግ ነው።

የእንጨት አቧራና ድምፅ

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት አቧራንም ሆነ የብየዳ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧቸዋል። የእንጨት አቧራ አስምንም ያባብሳል። ደረቅ አቧራ በመጥረጊያ ከማቡነን ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። በአንድ ሜትር ርቀት ላለ ሰው ለመናገር መጮኽ ካስፈለገዎ ድምፁ ጆሮ የሚጎዳ ነው፤ የጆሮ መከላከያ ያድርጉ። በዚህ መንገድ የጠፋ የመስማት ኃይል አይመለስም።

የእጅዎ ስሜት ከቀነሰ

በዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ማዕከል ሆኖ ከተቋቋመ ጀምሮ በአካባቢው ከበሽታው የዳኑ ብዙ ቤተሰቦች ይኖራሉ። በሽታው ቢድንም የተጎዳ ነርቭ ስሜቱ ላይመለስ ይችላል። የስኳር ሕመምም የእጅና የእግርን ስሜት ሊቀንስ ይችላል። ሕመም ማስጠንቀቂያ ነው፤ የማይሰማው ሰው የጋለ ብረት ይዞ ይቆያል፣ ውኃ የቋጠረ መዳፉን ሳያውቅ ሥራውን ይቀጥላል።

• ለማይሰማ እጅ ዓይን ይተካ፦ በእያንዳንዱ እረፍት መዳፍዎንና በጣቶችዎ መሐል ያለውን ይመልከቱ።
• የመሣሪያ እጀታ በጨርቅ ወይም በስፖንጅ ይወፍር፤ ኃይል በአንድ ቦታ ላይ እንዳያርፍ ይረዳል።
• የተቆረጠ ወይም የተበየደ ብረት በመቆንጠጫ እንጂ በእጅ አይነሣ።
• ቁስል ባያምም ይታከም። ጠንካራ ጫማ ያድርጉ፤ ሚስማር ቢወጋዎ ላይሰማዎ ይችላል።

ጉዳት ሲደርስ

በመጀመሪያ ማሽኑን ያጥፉ፣ ከዚያ ሰውየውን ይርዱ።

የሚደማ ቁስል፦ በንጹሕ ጨርቅ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ሳያነሡ ይጫኑ። የቡና ዱቄት፣ አፈር ወይም ቅባት አይጨምሩበት። የተሰካ ነገር አይንቀሉ፤ ዙሪያውን ይደግፉ። የእጅ ወይም የእግር ደም በመጫን አልቆም ካለና ሕይወትን የሚያሰጋ ከሆነ ከቁስሉ በላይ በሰፊ ጨርቅ አጥብቀው ይሰሩ፤ ያሰሩበትን ሰዓት ይጻፉ፤ ሐኪም እስኪያየው አይፍቱ። ሽቦና ቀጭን ገመድ አይጠቀሙ።

የተቆረጠ ጣት፦ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው በፕላስቲክ ከረጢት ያሽጉ፣ ከረጢቱን በረዶ ባለበት ውኃ ላይ ያድርጉ። በረዶ በቀጥታ አይንካው። ከሕመምተኛው ጋር አብሮ ይሂድ።

ዓይን፦ ብረት ገብቷል ብለው ከጠረጠሩ አይሹ፤ በክብሪት እንጨት ወይም በመሐረብ አይቆስቁሱ። ሳይጫኑ በንጹሕ የወረቀት ኩባያ ይሸፍኑ። በመዶሻና በመሮ ሲመቱ የተፈናጠረ ብረት ሳያሳምም ዓይን ውስጥ ሊቀር ስለሚችል በዚያው ቀን ይታዩ። ኬሚካል ከሆነ ግን ወዲያውኑ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በውኃ ይጠቡ።

ቃጠሎ፦ ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ያቀዝቅዙ። የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላልና በረዶ አይደረግም።

ኤሌክትሪክ፦ ብሬከሩ ሳይወርድ ሰውየውን አይንኩ። ካልተነፈሰ በደረቱ መሐል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ እየጫኑ እርዳታ ይጥሩ። ደህና ቢመስልም የልቡ ምት በሐኪም ይታይ።

ለአምቡላንስ ቀይ መስቀል 907፣ ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ይደውሉ። በክፍለ ከተማው አለርት ሆስፒታል የአደጋ ሕክምና ይሰጣል። ከፍ ላለ ቃጠሎ ወደ የካቲት 12 ወይም ወደ አቤት ሆስፒታል ሊላኩ ይችላሉ።

ቴታነስ

የቴታነስ ተሕዋስ በአፈርና በአቧራ ውስጥ ይኖራል፤ በትንሽ የሚስማር ቁስልም ይገባል። እናቶች በእርግዝና ወቅት ስለሚከተቡ በቤት ውስጥ ሳይከተብ የሚቀረው ብዙ ጊዜ አባት ወይም ጎልማሳ ወንድ ልጅ ነው። ቁስሉ ቆሻሻ ወይም ጥልቅ ከሆነና የመጨረሻውን ክትባት ከወሰዱ 5 ዓመት ካለፈ፣ ወይም መከተብዎን ካላስታወሱ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። መንጋጋ መጨምደድ ከጀመረ ድንገተኛ ሕመም ነው።

ለቤተሰብ

ሠራተኛውን በሥራ ላይ እያለ ከኋላ አይጥሩት፤ እስኪያጠፋ ይጠብቁ። እንቅልፍ ያጣ፣ የጠጣ፣ ጫት የቃመ ወይም የሚያደክም መድኃኒት የወሰደ ሰው ማሽን አይንካ። ተቀጥሮ ለሚሠራ ሰው፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአደጋ መከላከያ መስጠትና አጠቃቀሙን ማስረዳት የአሠሪው ግዴታ ነው። በማኅበር ለሚሠሩ ደግሞ ከጋራ ገንዘብ መጀመሪያ የሚገዙት ሁለት መነጽሮች፣ አንድ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥንና አንድ የእሳት ማጥፊያ ይሁኑ፤ ሁሉም በሚያውቀውና በማይቆለፍ ቦታ ይቀመጡ።