ድንበር ተሻጋሪ የሳተላይት ስርጭት (የመንግሥታት የመቆጣጠር ሥልጣን ገደብ)

ከአንድ አገር ተነሥቶ በሳተላይት አማካይነት ሌላ አገር የሚደርስን የቴሌቪዥን ስርጭት ተቀባዩ መንግሥት ምን ያህል ሊከለክል ይችላል የሚለውን ጥያቄ የሚመለከት የሕግ ዘርፍ ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1982 ባወጣው ውሳኔ 37/92 አሰራጩ መንግሥት ተቀባዩን አስቀድሞ እንዲያሳውቅና እንዲስማማ ቢጠይቅም፣ ውሳኔው አስገዳጅነት የለውም።

ገደቡ ጎልቶ የወጣው በአውሮፓ ነው። አውትሮኒክ የተባለ የስዊዘርላንድ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ የዲሽ አንቴና ብቃትን በንግድ ትርኢት ላይ ለማሳየት ከሶቪየት ሳተላይት የሚወርድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም መቀበል ፈለገ። የአገሩ ባለሥልጣናት ግን ሞስኮ ካልፈቀደች አይሆንም አሉ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በግንቦት 1990 ክልከላው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ኮንቬንሽንን አንቀጽ 10 እንደሚጥስ ወሰነ፤ ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት የመቀበያ መሣሪያንም ይሸፍናል ማለት ነው። የኩባንያው ዓላማ ንግድ መሆኑ ጥበቃውን አላሳጣውም። ይኸው ፍርድ ቤት በ2008፣ ዲሽ አናነሣም በማለታቸው ከተከራዩት ቤት እንዲለቁ የተደረጉ በስዊድን የሚኖሩ ትውልደ ኢራቃውያን ቤተሰብን ደግፏል።

ከአውሮፓ ኅብረት በፊት በነበረው የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ በ1989 የወጣው «ድንበር የለሽ ቴሌቪዥን» መመሪያ፣ በ2010 በሌላ መመሪያ እስኪተካ ድረስ፣ ቁጥጥሩን በዋናነት ለመነሻው አገር ይተው ነበር፤ ተቀባዩ አገር ሊያግድ ይችል የነበረው ጥላቻን እንደ ማነሣሣት ባሉ ጠባብ ምክንያቶች ነበር።